ለመጋረጃ ስንት እጥፍ ጨርቅ ይበቃል? እንደ አሰቃቀሉ የመምረጫ መመሪያ

መጋረጃ ተሰቅሎ ቤቱ ካላማረ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። የጨርቁ ማነስ ነው። ተሰብስቦ ሲከፈት ደህና ይመስላል። ሲዘጋ ግን እንደ አንሶላ ይወጠራል፤ ሽንሽኑ ይጠፋል። ጨርቁ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ያኔ ርካሽ ይመስላል።

ተቃራኒውም አለ። ወፍራም ከፋይ በሦስት እጥፍ ተሰፍቶ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል የመስኮቱን ግማሽ ይበላዋል። ቀን ተከፍቶም ብርሃን ይከለክላል። ጎትቶ መዝጋቱ ራሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወደ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ቁጥር በእጃችሁ መኖር አለበት። እሱም የጨርቁ ስፋት ከዘንጉ ርዝመት ስንት እጥፍ እንደሚሆን ነው። ቁጥሩን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መጋረጃው ከላይ የሚያዝበት መንገድና የጨርቁ ውፍረት። የመስኮቱ ልክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ብር ካጠረ የሜትሩን ዋጋ ቀንሱ እንጂ የሜትሩን ብዛት አትቀንሱ። ተራ ጨርቅ በሁለት እጥፍ ተኩል ያምራል። ውድ ጨርቅ በአንድ እጥፍ ከሩብ አያምርም። ገበያ ላይ ስትደርሱ ግን ዓይናችሁ ወደ ውዱ ይሄድና ሜትሩን መቁረጥ ትጀምራላችሁ። ቁጥሩን ቤት ወስናችሁ ውጡ የምላችሁም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ዘንጉን ለኩ

ብዙ ሰው የሚለካው መስኮቱን ነው። መለካት ያለበት ግን ዘንጉ ወይም ሐዲዱ ነው። ዘንጉ በግራና በቀኝ ከመስኮቱ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር መትረፍ አለበት። ያ ቦታ የተከፈተው መጋረጃ የሚሰበሰብበት ነው። ከሌለ መጋረጃው የሚሰበሰበው መስታወቱ ላይ ይሆናል።

ዘንጉ ገና ካልተሰቀለ መጀመሪያ ይሰቀል። "ወደፊት እንዲህ እናደርገዋለን" ተብሎ በግምት የተገዛ ጨርቅ አንድም ያጥራል፣ አንድም ይተርፋል። ሲለካ የብረት ሜትር ተጠቀሙ፤ የልብስ ሰፊው የጨርቅ ሜትር ሲቆይ ይለጠጣል።

ስሌቱ እንዳይምታታ እስከ መጨረሻው አንድ መስኮት ይዘን እንሂድ። የሳሎን መስኮት ነው። ስፋቱ 240 ሴንቲሜትር ነው። ዘንጉ በየጎኑ 20 ተርፎ 280 ሆኗል። መጋረጃው ተሰፍቶ ሲያልቅ ቁመቱ 240 ይሆናል፤ ከወለሉ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከመሃል ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይሄዳል። እያንዳንዱን ወገን ክንፍ እለዋለሁ።

እጥፉ እንዴት ይሰላል?

ጎኑ ተቀምቅሞ ያለቀ ጨርቅ ተዘርግቶ ሲለካ የሚገኘውን ስፋት ለዘንጉ ርዝመት አካፍሉ። ለ280 ዘንግ 560 ሴንቲሜትር ጨርቅ ሁለት እጥፍ ነው። 420 አንድ ተኩል ነው። 700 ሁለት ተኩል፣ 840 ሦስት እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። "ሁለት እጥፍ" ሲባል ሰፊውና እናንተ የምታስቡት ሊለያይ ይችላል። አንዳንዱ የሚቆጥረው ከመስኮቱ ነው፣ አንዳንዱ ከዘንጉ። አንዳንዱ ቅምቅማቱን ጨምሮ ያወራል፣ አንዳንዱ ሳይጨምር። ስለዚህ ከሰፊው ጋር በሴንቲሜትር ተነጋገሩ። "ሁለቱ ክንፍ አንድ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ 560 ይሁንልኝ" ብላችሁ ከተስማማችሁ ክርክር አይኖርም።

አሰቃቀሉና የሚፈልገው እጥፍ

ጨርቁ ላይ ቀለበት የተመታበት መጋረጃ ዛሬ በየቤቱ በብዛት የሚታየው ነው። ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ይበቃዋል። ከዚህ ዓይነት የሚጠበቀው ወጥ የሆነ ትልልቅ ማዕበል ነው። ከ1.5 በታች ሲሆን ማዕበሉ ይሳሳል፤ ከ2 በላይ ሲሆን ደግሞ ጨርቁ መሄጃ ያጣል፣ ቀለበቶቹ ይጨናነቃሉ። መካከለኛ ውፍረት ላለው ጨርቅ 2፣ ለወፍራም 1.75 ያዙ።

የቀለበቱ ብዛት በእያንዳንዱ ክንፍ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር መሆን አለበት፤ 8፣ 10፣ 12 እያለ ይሂድ። ያኔ የክንፉ ሁለቱም ጫፎች ወደ ግድግዳው ዞረው ይቆማሉ። ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ጫፍ ወደ ክፍሉ ይዞራል፤ ምንም ቢጎትቱት አይስተካከልም። በቀለበትና በቀለበት መካከል ከ15 እስከ 18 ሴንቲሜትር ይሁን። ከሰፋ ጨርቁ በመሃል ይጎብጣል። ዘንጉም ከግድግዳው ቢያንስ 9 ወይም 10 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ማዕበሉ ወደ ኋላም ቦታ ይፈልጋልና። ከኋላ ስስ መጋረጃ የሚደረብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ገመድ ያለበት የጨርቅ ጥብጣብ (ቴፕ) ከኋላው ተሰፍቶ በገመዱ የሚሸነሸነው ከሁሉም የሚያመች ነው። እጥፉ ከ2 እስከ 2.5 ነው። ገመዱን እየሳባችሁ ስፋቱን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ስሌቱ ትንሽ ቢሳሳት ይቅር የሚል አሠራር ይኸው ብቻ ነው። ልብ በሉ፦ ከሳባችሁ በኋላ የተረፈውን ገመድ አትቁረጡት። ጠቅልላችሁ ከኋላ እሰሩት። መጋረጃው ሲታጠብ ተፈትቶ መዘርጋት አለበት።

ሽንሽኑ በእጅ ተቆንጥጦ የሚሰፋው የሆቴልና የትልልቅ ሳሎን መልክ ያለው ነው። ባለ ሁለት ቁንጥጫው፣ ማለትም እያንዳንዱ ሽንሽን ሁለት እጥፋት ያለው፣ 2 እጥፍ ይበቃዋል። ባለ ሦስት ቁንጥጫው ከ2.25 እስከ 2.5 ይፈልጋል። እዚህ ጨርቁ ካነሰ ሽንሽኑ ሞቶ ይታያል፤ ወይም ሽንሽኖቹ ይራራቁና በመካከላቸው ያለው ጨርቅ ባዶ ሜዳ ይሆናል። የዚህን ስሌት ወደ በኋላ በቁጥር አሳያችኋለሁ፤ በግምት የማይሠራ እሱ ስለሆነ።

የሳጥን ቅርጽ ያለው ሽንሽን ጨርቅ በላ ነው። ሳጥኖቹ እርስ በርስ ከተነካኩ ሦስት እጥፍ ይወስዳል። ካራራቃችኋቸው ወደ 2.5 ይወርዳል። ተከፍቶ ሲሰበሰብ ብዙ ቦታ ይይዛል። ለቤት ብዙም አልመክረውም፤ ከላይ ለሚሰቀል አጭር ማስዋቢያ ግን ያምራል።

ዘንጉ በራሱ በጨርቁ ውስጥ የሚያልፍበት ዓይነት ከ2 እስከ 2.5፣ ጨርቁ ስስ ከሆነ እስከ 3 ይሄዳል። በየቀኑ ለሚከፈትና ለሚዘጋ መጋረጃ አይሆንም፤ ዘንጉ ላይ ይያዛል። ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ትንሽ መስኮት ግን ጥሩ ነው።

ባለ ጆሮው፣ ማለትም ከራሱ ጨርቅ በተሠራ ማንጠልጠያ የሚሰቀለው፣ ከ1.25 እስከ 1.5 ይበቃዋል። ጨርቁ ላይ ሥዕል ወይም ጥበብ ካለና እንዲታይ ከፈለጋችሁ ይህን ምረጡ።

አዳዲስ አፓርታማዎች ውስጥ ከጣሪያው በሚወርድ ሐዲድ የሚሰቀል፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ማዕበል የሚሠራ መጋረጃ አለ። እዚህ ምርጫው የእናንተ አይደለም። መንጠቆዎቹ በገመድ ተያይዘው በተወሰነ ርቀት ስለሚቆሙ እጥፉን ሐዲዱና ቴፑ ይወስኑታል፤ ብዙውን ጊዜ 2 አካባቢ ነው። ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ሐዲዱን የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ።

ወደ ላይ የሚታጠፍና እንደ ሰሌዳ የሚወርድ መጋረጃ እጥፍ አያስፈልገውም። የመስኮቱን ስፋትና ቅምቅማቱን መግዛት ይበቃል።

ጨርቁን በእጃችሁ ፈትሹት

ከላይ ያሉት ቁጥሮች ከ… እስከ… የሚሉት በጨርቁ ውፍረት ምክንያት ነው። ስስ ጨርቅ የሚታየው ሲደራረብ ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይኛው ቁጥር ይሄዳል። ወፍራም ጨርቅ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ወደ ታችኛው ይወርዳል። በግርድፉ ስንይዘው ቱልና ሌላው ስስ ጨርቅ ከ2.5 እስከ 3፣ ጥጥ፣ ሊነንና ፖሊስተር 2 እና ከዚያ በላይ፣ ከፋይና ብላክአውት (ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ) ከ1.75 እስከ 2 ነው። ገበር ያለው መጋረጃም በወፍራሙ ምድብ ይገባል።

ውፍረት ግን ሁሉን አይናገርም። ቀጭን ሆኖ ደረቅ የሆነ ጨርቅ አለ። ወፍራም ሆኖ እንደ ውኃ የሚወርድም አለ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ይህን አድርጉ።

ነጋዴውን ጨርቁን ከጥቅሉ አንድ ሜትር ያህል እንዲያወርድላችሁ ጠይቁት። የጨርቁ ስፋት 150 ከሆነ ከዳር እስከ ዳር በእጃችሁ እየሸነሸናችሁ ወደ 100 ሴንቲሜትር ሰብስቡት። ይህ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከፍ አድርጋችሁ ያዙትና ሲወርድ እዩት። ከዚያ ወደ 75 ሰብስቡት፤ ሁለት እጥፍ ሆነ። ወደ 60 ሲወርድ ሁለት ተኩል፣ ወደ 50 ሲወርድ ሦስት እጥፍ ነው። የምትወዱት የትኛው ላይ እንደሆነ ዓይናችሁ ወዲያው ይነግራችኋል። ጨርቁ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ከወረደ ያ ቁጥር ሆኗል። ወደ ጎን ከተነፋና ከተንጨባረረ በዝቷል፣ ወይም ጨርቁ ለመጋረጃ አይሆንም ማለት ነው።

ስፋቱ 280 ወይም 300 የሆነ ቱል ከሆነ ደግሞ በርዝመቱ በኩል አንድ ሜትር ለኩና ወደ 50፣ ወደ 40፣ ወደ 33 ሰብስቡት። ለምን በርዝመቱ በኩል እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል።

ነጋዴው "እህቴ፣ ሁሉም ሰው የሚወስደው አንድ ተኩል ነው" ሊላችሁ ይችላል። ለቀለበት መጋረጃ ከሆነ ውሸት አይደለም። ለቱል ከሆነ ግን አትስሙት። አንድ ተኩል እጥፍ ቱል ማታ መብራት ሲበራ ምንም አይሸፍንም።

ሜትሩን ማውጣት

አሁን ወደ 280ው ዘንግ እንመለስ። በቀለበት የሚሰቀል፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጨርቅ መርጠናል፤ እጥፉ 2 ነው። የሚያስፈልገው ስፋት 560 ነው። የጨርቁ ስፋት 150 ነው።

በመጀመሪያ 560ን ለ150 አካፍሉ። 3.73 ይመጣል። ወደ 4 ይጠጋ። አራት ቁራጭ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ክንፍ ሁለት።

ቀጥሎ በእውነት ስንት እንደሚቀር ፈትሹ። ሁለት ቁራጭ ሲገጠም 300 ነው። የመጋጠሚያው ስፌት 4 ሴንቲሜትር ይወስዳል። የግራና የቀኝ ቅምቅማት በየጎኑ 5፣ አንድ ላይ 10 ይወስዳል። 286 ይቀራል። ሁለቱ ክንፍ 572፤ ለ280 ሲካፈል 2.04። የፈለግነው ነው።

ሦስት ቁራጭ ብንገዛስ? አንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ እያንዳንዱ ክንፍ አንድ ተኩል ቁራጭ ያገኛል። 225 ሲሆን ስፌትና ቅምቅማት ወጥቶ 211 ይሆናል። ሁለቱ 422፣ እጥፉ 1.5 ነው። ለቀለበት የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ለቴፕ ሽንሽን ግን አይበቃም። ያው መስኮት፣ ያው ጨርቅ፣ የአሰቃቀሉ ልዩነት አንድ ቁራጭ ያስጨምራል።

ቁመቱ ደግሞ እንዲህ ነው። 240 የተሰፋው ቁመት፣ ከላይ 10፣ ከታች 20 ለቅምቅማት፣ በድምሩ 270። የታችኛውን ቅምቅማት አታሳንሱ። ድርብ ሆኖ ሲታጠፍ ክብደት ይሰጣል፤ ጨርቁ ቀጥ ብሎ የሚወርደው በሱ ነው። አራት ቁራጭ በ270 ሲባዛ 10.8 ሜትር ነው። 11 ሜትር ግዙ።

ጨርቁ ትልቅ አበባ ወይም ተደጋጋሚ ሥዕል ካለው ሌላ ሒሳብ አለ። ሥዕሉ ከስንት ሴንቲሜትር በኋላ ራሱን እንደሚደግም ለኩ። 64 ነው እንበል። 270 ውስጥ ሥዕሉ አራት ጊዜ ይሞላና ይተርፋል፤ ስለዚህ ቁራጩ አምስት ጊዜ 64፣ ማለትም 320 ይሆናል። አራት ቁራጭ 12.8 ሜትር ገባ። ሁለት ሜትር ጨመረ። ይህ ካልተደረገ መጋጠሚያው ላይ አበባው ግማሽና ግማሽ ይሆናል።

ጥጥና ሊነን ሲታጠብ ከመቶ ሴንቲሜትር ከ3 እስከ 5 ሊገባ ይችላል። 270 ላይ ይህ ከ8 እስከ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጨምራችሁ ገዝታችሁ ሳይቆረጥ በፊት እጠቡት። ከተሰፋ በኋላ የሚገባ መጋረጃ ከወለሉ ሽቅብ ይሸሻል። ከፋይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ይቆረጥ። ጸጉሩ ወደ ላይና ወደ ታች ከተቀያየረ አንዱ ቁራጭ ጠቆር፣ ሌላው ፈካ ብሎ ይታያል።

ስፋቱ 280 የሆነ ስስ ጨርቅ

ይህ ደስ የሚል ሒሳብ ነው። ጨርቁን አዙራችሁ ትሰቅሉታላችሁ፤ ስፋቱ ቁመት ይሆናል። የእኛ መጋረጃ 270 ይፈልጋል፣ ጨርቁ 280 ነው፤ ይበቃል። ከዚያ የምትገዙት ወደ ጎን ብቻ ነው። 280 በ2.5 ሲባዛ 700፣ የአራቱ ጠርዝ ቅምቅማት 20፣ በድምሩ 7.2 ሜትር። በሦስት እጥፍ 8.6 ሜትር። መሃል ላይ መጋጠሚያ ስፌት የለም፤ በስስ ጨርቅ ላይ ስፌት ከብርሃን ፊት ስለሚታይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጣሪያችሁ ከፍ ያለ ከሆነና ቅምቅማቱን ጨምሮ ከ280 ካለፈ ግን ወይ 300 ስፋት ያለውን ፈልጉ፣ ወይም ዘንጉን አውርዱ። የታች ቅምቅማቱን ቆርጦ ማብቃቃት ስሱን ጨርቅ ቀላል ያደርገውና መስኮት በተከፈተ ቁጥር በነፋስ ይውለበለባል።

የቁንጥጫ ሽንሽን ስሌት

አንድ ክንፍ ብቻ እንሥራ። ሐዲዱ 280 ስለሆነ ክንፉ 140 መሸፈን አለበት። መሃል ላይ ሁለቱ ክንፍ እንዲደራረቡ 6 ጨምሩ። በግድግዳው በኩል ወደ ኋላ ዞሮ ጎኑን እንዲዘጋ 8 ጨምሩ። ተሸንሽኖ ሲያልቅ ስፋቱ 154 ይሆናል።

ለክንፉ ሁለት ተኩል ቁራጭ ብንሰጠው 375 ነው። ሁለት መጋጠሚያ 8፣ ጠርዝ 10 ሲወጣ 357 ይቀራል። ከ357 ላይ 154 ሲቀነስ 203 ሴንቲሜትር ወደ ሽንሽን ይገባል። የተሸነሸነው ክፍል 140 ነው። በሽንሽኖቹ መካከል 10 ሴንቲሜትር ክፍተት ብንተው 14 ክፍተት ይኖራል። ሽንሽኑ ምንጊዜም ከክፍተቱ በአንድ ይበልጣል፤ 15። 203 ለ15 ሲካፈል 13.5። እያንዳንዱ ሽንሽን 13.5 ሴንቲሜትር ጨርቅ ያገኛል። ለባለ ሦስት ቁንጥጫ ከ12 እስከ 15 ጥሩ ነው፤ መሃሉ ላይ ነን።

ሁለት ቁራጭ ብቻ ካለንስ? 286 ላይ 154 ሲቀነስ 132 ነው። ለ15 ብናካፍለው 8.8 ይመጣል። ከዚህ ሦስት ቁንጥጫ አይወጣም፤ በግድ ቢወጣ እንደ ክር የቀጠነ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሽንሽኑን ወደ 13 አውርዱ፣ ክፍተቱን ወደ 11.7 አስፉት። እያንዳንዱ 10 ሴንቲሜትር ያገኛል። ባለ ሁለት ቁንጥጫ ሆኖ በጣም ያምራል። ይህ በ4 ቁራጭ 10.8 ሜትር ነው፤ ሦስት ቁንጥጫው በ5 ቁራጭ 13.5 ሜትር። ለአብዛኛው ቤት ሁለት ቁንጥጫው ይበቃል ባይ ነኝ።

ግማሹ ቁራጭ ሲገጠም ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል ይሁን። መሃል ላይ ከገባ ስፌቱ ፊት ለፊት ይታያል። ስፌቱ ራሱም በሽንሽኑ ውስጥ ወይም ጎን ቢደበቅ ይመረጣል።

በባለ አራት ጣት መንጠቆ የሚሸነሸን ቴፕም አለ። ጣቶቹን በቴፑ ኪስ ውስጥ እየከተታችሁ ሽንሽኑን በእጃችሁ ታወጣላችሁ። በመካከል የምትዘሏቸውን ኪሶች ብዛት በመቀያየር እጥፉን ማብዛትና ማሳነስ ይቻላል። ሰፊ ለማይገኝበት ቦታ ጥሩ መላ ነው።

በሸማ መጋረጃ

ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ወይም ሸማኔ በትዕዛዝ የሠራው የጥጥ ጨርቅ መጋረጃ ሲሆን ሕጉ ይለወጣል። የእጅ ሸማ ጠባብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች። ውበቱም ጥበቡ ነው። በ2.5 እጥፍ ከሸነሸናችሁት ጥበቡ እጥፋት ውስጥ ይገባል፤ የከፈላችሁበት ነገር ተደበቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ከ1.25 እስከ 1.5 ያዙ፤ በጆሮ ስቀሉት። ስፋቱ 90 ከሆነ ለ280 ዘንግ አራት ቁራጭ 360፣ እጥፉ 1.3 ገደማ ይሆናል። አምስት ቁራጭ 1.6 ይሆናል። እዚህ መግጠም ግዴታ አይደለም። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ብትሰቅሉት የሸማው የራሱ ጠርዝ ስለማይተረተር የጎን ቅምቅማት አይፈልግም፤ ሴንቲሜትርም አይባክንም። ክብደቱ ግን ትንሽ ስለሆነ ስስ ገበር ወይም ከታች ሰፋ ያለ ቅምቅማት ይርዳው። ጥበቡ ታች እንዲታይ ከፈለጋችሁ ቅምቅማቱ ከላይ በኩል ይሁን፤ ይህን ለሸማኔው አስቀድማችሁ ንገሩት። ሽመናው ላላ ያለና አየር የሚያሳልፍ ስለሆነ ሳይቆረጥ መታጠቡ የግድ ነው። ሸማ ይገባል።

ከውጭ አገር የሚመጣ የተሰፋ መጋረጃ

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ መጋረጃ ማስመጣት የተለመደ ነው። እዚያው የሚኖሩም የሚገዙት የተሰፋውን ነው። ችግሩ ልኩ በኢንች መሆኑና ስፋቱ በአብዛኛው ጠባብ መሆኑ ነው። አንድ ክንፍ 50 ወይም 52 ኢንች አካባቢ ነው። 52 ኢንች 132 ሴንቲሜትር ነው። የእኛ ዘንግ 280፣ ማለትም 110 ኢንች ነው። ሁለት ክንፍ 104 ኢንች ሆነ፤ አንድ እጥፍ እንኳ አይሞላም። አራት ክንፍ 208 ኢንች፣ እጥፉ 1.9 ይሆናል። ስለዚህ አራት ክንፍ ላክልኝ በሉ። "አንድ ፓኬት" አትበሉ፤ አንዱ ፓኬት አንድ ክንፍ፣ ሌላው ሁለት ክንፍ ይይዛል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስፋት የአንዱ ክንፍ ይሁን የሁለቱ ድምር መጠየቅም ያስፈልጋል።

ቁመት ላይም ተጠንቀቁ። 84 ኢንች 213 ሴንቲሜትር ነው፤ ለ240 ያጥራል። 95 ወይም 96 ኢንች ወደ 241 እና 244 ነው። 108 ኢንች 274 ነው፤ ይቆረጣል፣ ግን ይበቃል። በአውሮፓ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንዱ ክንፍ 140 ወይም 145 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱ 290 ሆነ፤ ለ280 ዘንግ እሱም ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ጥንድ ያስፈልጋል።

ብር ሲያጥር

እጥፉን ሳይነኩ ሜትር የሚቀንስ አንድ መንገድ አለ። ሥራውን ለስሱ መጋረጃ ስጡት፤ ወፍራሙን ለጌጥ አድርጉት። ስሱ 2.5 እጥፍ ሆኖ ሙሉውን መስኮት ይሸፍናል። ወፍራሙ በግራና በቀኝ ብቻ ይቆማል፤ አይዘጋም። በየጎኑ 70 ሴንቲሜትር እንዲሸፍን አንድ ቁራጭ ይበቃል። 150 ላይ ቅምቅማት 10 ሲወጣ 140፣ ለ70 ሁለት እጥፍ ነው። ሁለት ቁራጭ፣ 5.4 ሜትር። ከ10.8 በግማሽ ወረደ፤ ሽንሽኑ ግን ሙሉ ነው።

ይህ ለላይኛው ፎቅ ሳሎን ጥሩ ነው። ለመኝታ ቤትና ለምድር ቤት አይሆንም። ማታ መብራት ሲበራ በስስ መጋረጃ ውስጥ ሁሉ ነገር ከውጭ ይታያል።

መስኮቱ ከአንድ ጎን ግድግዳ የገጠመው ከሆነ፣ በኮንዶሚኒየም ክፍሎች ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ በዚያ በኩል መሰብሰቢያ ቦታ የለም። ተከፍቶ የተሰበሰበ መጋረጃ ከዘንጉ ርዝመት አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ሊይዝ ይችላል፤ እጥፉ ሲበዛ ይህም ይበዛል። እንዲህ ባለ ቦታ ሙሉውን መጋረጃ አንድ ክንፍ አድርጋችሁ ወደ ነፃው ጎን ሰብስቡት፤ እጥፉንም በ1.75 ያዙ።

ከተሰቀለ በኋላ

አዲስ መጋረጃ ወዲያው አይወርድም። ክፈቱትና ሽንሽኑን ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ እየተከተላችሁ አስተካክሉት። ከዚያ በሦስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ ከራሱ ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ለጥቂት ቀን ይቆይ። ሲፈታ መስመሩን ይዞ ይወርዳል። ሳይታሰር "ጨርቁ በዛ" ወይም "አነሰ" ብላችሁ አትፍረዱ።

ታስሮም ካነሰ፣ ማለትም ሲዘጋ አሁንም ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ክንፍ ግማሽ ቁራጭ በግድግዳው በኩል ማስገጠም ይቻላል። ለዚህ ያንኑ ጨርቅ ማግኘት አለባችሁ። የሌላ ጥቅል ጨርቅ አንድ ዓይነት ስም ቢኖረውም ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ የተረፈውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ከሱቁ ውጭ፣ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ካልተመሳሰለ አትግዙት፤ መጋረጃውን ለጠባቡ መስኮት አዙሩት።